ያልነከሰን

ቦርከና ሌሊቱን ሲጮኽ አድሮ ነጋ፤
ኮምቦልቻ ላይ ክረምት እንዲህ ነው ሲዘጋ፣
ከጭቃው፣ ከቅጠሉ፣ የማላውቀው ሁሉ
ይወጣል ጓሮዬ፣ ግልብጥ ብሎ በሙሉ።

ከዘይቱኑ ግንድ ሥር፣ ከውሃው ጋን ኋላ፣
ጠርሙስ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች ረምላ።
«ይሄ ማነው?» አለች። ልብ በሉ አነጋገር፤
«ምንድነው» አላለች፣ እንደ ሌላው ነገር።

ክር መቁጠሪያ አለኝ፣ ባለ መስታወት፣
ጨርቃ ጨርቅ ሳለሁ የሠራሁበት፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ዓይኔን ደፍቼበት፣
ድርና ማግ ቆጥሬ እንከን ያደንሁበት።
ጡረታ ስወጣ በቦርሳዬ ወጣ፤
(ሰረቀች አትበሉኝ፤ ጠያቂም አልመጣ።)

ጥቁር መስሎኝ ነበር፤ ስጠጋው አይደለም፤
አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ ስም የሌለው ቀለም፣
ከጎሚስታው ደጃፍ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣
የፈሰሰው ዘይት ኩሬው ላይ ሲያበራ።
ቀንዱ አራት አንጓ፤ ደግሜ ቆጠርሁት፤
ጀርባው አምስት ነጥብ፤ አንዱን ተጠራጠርሁት።
ረምላ በእስክሪብቶ ደብተሯ ላይ ሣለች፤
«ሰባት እግር?» ብላት፣ «ሲሮጥ ይበዛል» አለች።

ጥንዚዛ ነው እንዳልል፣ ጥንዚዛ ይከብዳል፤
ተርብ ነው እንዳልል፣ ተርብ ይናደዳል፤
ፌንጣ ነው እንዳልል፣ ጉልበቱ የታለ፤
ከማውቀው ተርታ ውስጥ ይሄስ አልዋለ።

እታለም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣
«መርዝ ነው፣ ጣሉት!» ብላ ገባች ፍሊት ፍለጋ።
አባ ሙሄ ደግሞ፣ ሐርቡ ሳሉ ድሮ፣
አይተውት ነበረ ማሽላ ላይ አድሮ፤
«ስሙስ?» ብላቸው ግን፣ ጺማቸውን ዳብሰው፣
«እህል አልበላብን፤ ምን ብለን እንክሰሰው?»
የግብርናው ሸጋው በሞተር ሲያልፍ ቆመ፤
በስልኩ አነሣው፣ ፎቶ ደጋገመ፤
«ተባይ ቢሆን» አለ፣ «ዝርዝሩ ላይ አለ፤
ተባይ ካልሆነ ግን…»
ሞተሩን ቀጠለ።

ያን ሌሊት አልተኛሁ።
የነከሰን ሁሉ በስም ተመዝግቧል፤
ቁንጫ፣ ትኋን፣ ቅማል፤ ትንኝም ተጠርቷል፤
የዘረፈን ደግሞ፣ አንበጣ፣ ነቀዝ፣ ምስጥ፤
ንብም ስም አገኘች ቀፎዋን ስንገልጥ።
ያልነካን፣ ያልበላን፣ ያላበላን ደግሞ፣
ጓሯችን ተወልዶ፣ ጓሯችን ከርሞ፣
ይሄዳል ሳይጠራ።

እኔስ ብሆን፣ እኔስ? በሦስቱ ፈረቃ
በቁጥር ነበር እንጂ የሚያውቀኝ አለቃ፤
አራት መቶ አሥራ ሰባት። መጣች። ፈረመች። ሄደች።
እንከን ያልወጣላት ማን ተብላ ትጠራለች?
አንድ ጊዜ ብቻ ስሜን ጮኾ ጠራኝ፣
ባለ ቀዳዳ ጣቃ ከእጄ ቢያመልጠኝ።
«ጦይባ!» ሲል ደነገጥሁ፤ ሌላ ሰው ነው ብዬ፣
ዘወር ብዬ አየሁ ወደ ኋላዬ።

ጧት መጣች ረምላ፤ ጠርሙሱን ስናየው፣
ሁለት ሆነው አድረዋል፤ አንዱ ግን ቀሚስ ነው፣
ከጀርባው፣ ስፌቱ የተተረተረ፣
ባዶ፣ ከነነጥቡ ቆሞ የነበረ፤
ሌላው ብርቱካናማ፣ ለስላሳ፣ እርጥብ ገና፣
አምስት ነጥብ የለ፣ ክንፍ አብቅሏልና።
«ያው ራሱ ነው?» አለች። «መሰለኝ» አልኋት።
ሥዕሉን ልትሰርዝ ስትል እጇን ያዝኋት።

ክዳኑን ከፈትን። ወጣ በዝግታ፣
ዘይቱኑ ቅጠል ላይ ደረቀ ላንዳፍታ፤
ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ፍሊቱ ሲነፋ፣
ቀና ብለን ሳለን፣
ዞር ስንል ጠፋ።

ቀሚሱ ደብተር ውስጥ ተጣብቆ ይታያል፣
ባለ ሰባት እግሩ ሥዕል አጠገብ ውሏል፤
ከሥሩ ረምላ በትልቁ ጽፋለች፦
«ስሙን አልነገረን። እትዬ ጦይባ አይታዋለች።»